አራተኛው መስመር

ጥቅምት 3

አክስትዬ፣

ከሰላምታው በፊት ይቅርታው ይቅደም። ሁለት ወር ሙሉ መልስ አለመጻፌ ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም ላወጣለት አልችልም። «ሞተሽ ከሆነ ቁርጡን ንገሪኝ» ያልሽው ቦታ ስደርስ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ ብቻዬን አፈርኩ። አልሞትኩም። አንቺስ እንዴት ነሽ? ዳሌሽ ከተሰበረ ወዲህ መቀመጥ ይሻላል ወይስ መተኛት? ያ ጆሮሽ ስልክ አልሰማም ብሎ ባያምፅ ኖሮ በቀን ሦስት ጊዜ እየደወልኩ አሰለችሽ ነበር።

ጥያቄዎችሽን በተራ ልመልስ። አዎ፣ እበላለሁ። አይ፣ ብቻዬን አልኖርም። ከጫማ ሰፊው ሱቅ በላይ ያለችውን አንድ ክፍል ከሽፋሽፍት ጋር ተከራይተናል። ሽፋሽፍት የጓደኛዬ ቅጽል ስም ነው፤ ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት ስትለጥፍ እጇ ስለማይንቀጠቀጥ ያወጣንላት ነው። ክፍሏ ግማሿ መኝታ፣ ግማሿ ስቱዲዮ ናት። ስቱዲዮ ስልሽ እንዳትስቂብኝ፤ ግድግዳ ላይ የተወጠረ ነጭ አንሶላ፣ አንድ ክብ መብራት፣ የስልክ ማቆሚያና ከፍ ያለ ወንበር ነው። ጫማ ሰፊው መዶሻውን ባወረደ ቁጥር መስታወታችን ስለሚንቀጠቀጥ ቪዲዮ የምንቀርጸው እሱ ምሳ ሲወጣ ብቻ ነው።

«ፊት ቀብቶ ለማያውቁት ሰው ማሳየት ሥራ ነው ወይ?» ላልሽኝ፣ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሙሽሮችን እናስውባለን፤ የሚያኖረን እሱ ነው። ቪዲዮው ግን የነፍሴ ነው። ስልክ ላይ ያሉት ሜካፕ ሠሪዎች ሁሉ አንድ ፊት ነው የሚሠሩት፤ አፍንጫው ቀጭን፣ ጉንጩ የተቀረጸ፣ ከማን ቤት እንደወጣ የማይታወቅ ፊት። እኔ ቤት ያለው ፊት መሥራት ፈለግሁ። ስፈልግ ስፈልግ ትዝ ያለኝ ያንቺ አንገት ነው።

ከግራ ጆሮሽ ሥር ተነስተው ወደ ጉሮሮሽ የሚወርዱት እነዚያ ሰማያዊ ንቅሳቶች። ሻሽሽን ከአንገትሽ የምትፈቺው ስትታጠቢ ብቻ ስለነበር በር ላይ ቆሜ ሰርቄ አይሽ ነበር። ስጠይቅሽ «የድሮ ነገር ነው» ትይና ውሃ ትረጪብኛለሽ። እኔ ግን ከዚያ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም። ባለፈው ወር በሰማያዊ ኩል አንገቴ ላይ ሣልኩትና «የአክስቴ አንገት» ብዬ ፔጄ ላይ ለቀቅሁት። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አይደል የሚባለው? ስማቸውን በማላውቀው ከተማ ያሉ ሴቶች አንገታቸው ላይ እየሣሉ ይልኩልኛል። «አያቴን አስታወስሽኝ» ይሉኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አንድ የመዋቢያ ኩባንያ ምልክቱን አንገት ላይ የሚለጠፍ አድርጎ ሊያወጣው ነው፤ እኔንም በቋሚነት ሊቀጥረኝ ነው። ይህ ከተሳካ ሁለት ክፍል ያለው ቤት እይዛለሁ፣ አንዱ ክፍል ያንቺ ነው። ከአረጋውያን ቤት አወጣሻለሁ አክስትዬ። እዚያ ያስገባሁሽ ቀን የማልኩትን አልረሳሁም። ከአንቺ የምፈልገው ማሸጊያው ላይ የሚታተም ትርጉም ብቻ ነው። መስመሮቹ ምን ማለት ናቸው? እስከ ወሩ መጨረሻ ጻፊልኝ።

ጩጬሽ


ጥቅምት 14

ለጩጬ፣

በሕይወት መኖርሽን ስላወቅሁ ደስ ብሎኛል። እኔ ደህና ነኝ። ዳሌዬ መቀመጥም መተኛትም አይወድም፤ ተጣልተን እንኖራለን። ሁለት ጥርሴን ነቅለውልኛል፣ እኔም ሳልከራከር ሰጠኋቸው።

እዚህ የምታስታምመኝ ነርስ ደህና ሴት ናት። ሠላሳውን አልፋለች፣ የሁለት ልጆች እናት ናት፣ ስልኳን ግን እንደ ኮረዳ ነው የምታየው። ትራሴን ልታስተካክል ስትመጣ «እማማ፣ እስቲ ቀና ይበሉ» ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ሆን ብዬ እከብዳታለሁ። ደብዳቤዎን ልጻፍልዎት ትለኛለች፣ እምቢ እላታለሁ። አንቺ አንደኛ ክፍል ስትገቢ እኔም በአርባ ዓመቴ አብሬሽ ፊደል የቆጠርኩት ነገሬን ሰው እጅ ላለማስገባት ነው።

ከጫማ ሰፊ በላይ መኖርሽ አላስደሰተኝም። ሙጫ እሳት ይወዳል። በር ሲዘጋ በየት እንደምትወጪ አስቀድመሽ እይ።

ስለ አንገቴ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። የምሰጥሽ ትርጉም የለኝም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ እኔም ዝም ብዬ ኖሬ አልነቀዝኩም። ሌላ ነገር ሣዪ። አበባ ሣዪ፣ ቅጠል ሣዪ። እጅሽ እንደሆነ ከልጅነትሽ ጀምሮ ግድግዳዬን በከሰል ሳይጨርስ አያርፍም ነበር። የለቀቅሽውንም፣ የሚሰበሰብ ነገር ከሆነ፣ ሰብስቢው።

እኔን ለማውጣት ብለሽ ከሆነ ተይው። እዚህ ሾርባው ቀጥኗል እንጂ ሌላ የጎደለብኝ የለም።

አክስትሽ


ጥቅምት 27

አክስትዬ፣

ጥርሶቹ እንኳን ወጡልሽ። መውጫ አለን፤ በኋላ በኩል መስኮቱ የጎረቤት ጣሪያ ላይ ያወርዳል። ይህን ስነግራት ሽፋሽፍት «አክስትሽ ወታደር ነበሩ እንዴ?» አለችኝ።

«የተለቀቀ ነገር ይሰበሰባል ወይ?» ላልሽኝ፣ አይሰበሰብም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እኔ ባጠፋው ገልብጠው የያዙት ሺህ ናቸው። እውነቱን ልንገርሽ፣ እንዲጠፋም አልፈልግም። በመልስሽ ተናድጃለሁ። አበባ ሣዪ ትይኛለሽ። አበባማ ማንም ይሥላል። እናቴን አላውቃት፣ አባቴን አላውቀው፣ እህቴ ነበረች ከማለት ሌላ ስለ እሷ አትነግሪኝ፣ ፎቶ እንኳ የላትም። በዚህ ዓለም ከየት እንደመጣሁ የሚመሰክርልኝ አንቺ ብቻ ነሽ፣ ከአንቺም ላይ ያ አንገትሽ። እሱንም ከለከልሽኝ።

ይቅርታ። ተናድጄ የጻፍኩትን አልቀድደውም፤ አንቺም እንደኔ ቁጡ ነሽና ይገባሻል።

ያደረግሁትን ግን ልደብቅሽ አልችልም። የኩባንያው ሰው ቀኑን አሳጠረብኝ። ቢሮው ጠርቶ ከመስታወት ጠረጴዛ ፊት ለፊት አስቀመጠኝና «ታሪኩስ?» አለኝ። ክራባቱን አላልቶ፣ ብዕሩን ይዞ ጠበቀኝ። ባዶ እጄን መውጣት አቃተኝ፣ ሳላስበው አፌ ጀመረ። የመጀመሪያው መስመር ስትወለድ፣ ሁለተኛው ስታገባ፣ ሦስተኛው ስትወልድ፣ አራተኛው ነፃነቷን ስታገኝ ነው አልኩት። እናት ለልጇ በገዛ እጇ ትነቅሳታለች አልኩት። ሰውየው «ነፃነት» የሚለውን ሁለት ጊዜ አሰመረበት። እዚያው ፈረምኩ።

ውሸት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ማንን ይጎዳል? አንቺ ባዶ የተውሽውን እኔ ሞላሁት። እውነተኛውን ከጻፍሽልኝ አስተካክለዋለሁ፣ ገና አልታተመም። ቪዲዮውንም ትርጉሙን ጨምሬበት እንደገና ለቅቄዋለሁ። ቤት ማየት ጀምሬያለሁ፤ ለዳሌሽ ብዬ ደረጃ የሌለው ነው የምፈልገው።

ጩጬሽ


ኅዳር 12

ጩጬ፣

የቤቱ ኃላፊ ደውላ ከነገረችሽ በኋላ የላክሽው ቁራጭ ወረቀት ደርሶኛል። መልሱ የዘገየው በፖስታ ቤት አይደለም፣ በእኔ ነው። ሁለቴ ጽፌ ሁለቴ ቀደድኩት።

«ሰው መታሽ የተባለው እውነት ነው?» ላልሽኝ፣ እውነት ነው። ጠዋት ነው። ነርሷ እንደ ሁልጊዜው ትራሴን ልታስተካክል ጎንበስ አለች። የነጭ ጋውኗ የላይኛው ቁልፍ ተከፍቷል። በግራ በኩል ከጆሮዋ ሥር መስመሮቹን አየኋቸው። ቆጠርኳቸው፣ አራት ናቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ አላስታውስም፤ እነሱ ናቸው የነገሩኝ። በጥፊ መታኋት። ቀጥሎ አንሶላዬን አንገቷ ላይ ልጠመጥም ታገልኩ፣ «ሩጪ፣ ሩጪ» እላት ነበር አሉ። ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ሰው መትቼ አላውቅም ነበር።

አሁን ደረጃው ሥር ባለችው ክፍል ብቻዬን ነኝ። አልጋዬ ራስጌ ላይ «ትማታለች» የሚል ወረቀት ለጥፈውብኛል። ነርሷ አልተቀየመችኝም፣ እሱ ነው የበለጠ ያሳፈረኝ። ጉንጯ እንዳበጠ ሾርባዬን ይዛ መጣችና «እማማ፣ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። ይህን ከየት አመጣሽው አልኳት። ስልኳን አውጥታ አንቺን አሳየችኝ። ያሳደግኋት ልጅ ስልክ ውስጥ ተቀምጣ እየሳቀች አንገቷን ትሥላለች። አምረሻል። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ።

ደብዳቤሽ ላይ አራት ብለሽ ስትጽፊ ለታሪክሽ ማሟያ የጨመርሽው መስሎኝ አልፌው ነበር። የእኔ ሦስት ናቸው። አራተኛውን ማን ነገረሽ? ሰው ከሆነ የነገረሽ፣ ማን እንደሆነ ጻፊልኝ፣ ከሰውየውም ራቂ።

አክስትሽ


ኅዳር 20

አክስትዬ፣

ያን ወረቀት ከራስጌሽ እንዲያነሱት ለኃላፊዋ ደውዬ ተጨቃጭቄያለሁ። አየዋለሁ አለችኝ። ነርሷንም ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው መሰለኝ፣ ምን እንደሆነ ባይገባኝም።

አራተኛውን ማንም አልነገረኝም። መብራቱ ነው። ክብ መብራታችን ከላይ ስለሆነ የአገጭ ጥላ አንገት ላይ ይወድቃል፣ የላይኛውን መስመር ይውጠዋል። ሦስት ሥዬ ስቀርጽ ስልኩ ላይ ሁለት ብቻ ሆኖ ታየኝ። መብራቱን ዝቅ ማድረግ ነበረብኝ። ግን ጫማ ሰፊው ከምሳ ሊመለስ ነበር፣ ቸኮልኩ፣ ከሥር አንድ ጨመርኩ። ከዚያ ሳየው አንገቴ ረዘመ፣ ደስ አለኝ፣ በዚያው ቀጠልኩ። ምሥጢሩ ይኸው ነው።

ነገር ግን «ሰው ከሆነ» ያልሽው አስደንግጦኛል፣ ምክንያቱም አንድ ሰው መጥቷል። ከቪዲዮው ሥር እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ «ይህ የእኛ ቤት ምልክት ነው። በአያቴ ዘመን ለቤታችን ሴቶች ይደረግ ነበር። መርፌው እስከ ዛሬ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።» የመርፌውንም ፎቶ ለጠፈ፤ በመስታወት ክፈፍ ውስጥ ነው ያለው። እኔ ዘመድ አገኘሁ ብዬ ከወንበሬ ዘለልኩ። ሽፋሽፍትን አቅፌ አለቀስኩ። ጻፍኩለት፣ ጻፈልኝ። የአያቱን እርሻ ነገረኝ። አንቺ የት እንዳለሽ ጠየቀኝና ነገርኩት፤ መጥቶ ከአንቺ ጋር መቀረጽ ይፈልጋል። የኩባንያው ሰው ይህን ሲሰማ በደስታ ጠረጴዛውን መታ።

አንድ ነገር ግን ጨመረልኝ፣ እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። አያቱ ሲያወሩ አራት መስመር የነበራት አንዲት ሴት ብቻ ናት ይሉ ነበር አለኝ። እኔ አራተኛውን ከራሴ ነው የፈጠርኩት። እንዴት ኖረ? ማን ናት? እነዚህ ሰዎችስ ዘመዶቻችን ናቸው ወይ?

ጩጬሽ


ኅዳር 29

ልጄ፣

ዘመድ አይባሉም። ሰውየው እዚህ እንዳይመጣ አድርጊ፤ ሌላውን ሁሉ ከዚያ በኋላ አንብቢ።

አንገት የተፈጠረው አዙሮ ለማየት ነው ይላሉ። እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ሳላዞር ኖሬያለሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር። አሁን ግን እነሱ በሬ ላይ ሊደርሱ ነው፣ ሆዴም ከዚህ በላይ አይችልም።

ሰውየው አልዋሸሽም፣ ለቤቱ ሴቶች የሚደረግ ነበር። የቤቱ ሴቶች ማለት እኛ ነን፣ ሠራተኞቹ። ወላጅ የሌለን ልጆች ነበርን፤ በስምንት በዘጠኝ ዓመታችን ለሥራ ብለው ሰጡን፣ እስከ መቼ እንደሆነ የነገረን ግን የለም። እርሻው ዓይን አይጨርሰውም፣ በሩ አንድ ነው። ሸሽታ የተያዘች ሴት አንድ መስመር ትነቀሳለች፣ በመርፌና በጥላሸት። ደግማ ከሸሸች ሁለተኛ። መንገድ ላይ ያያት ሁሉ የማን እንደሆነችና ስንት ጊዜ እንደሸሸች አይቶ እንዲመልሳት ነው። አንቺ ሦስት መስመር ያየሽው ሦስት ጊዜ ተይዤ ስለተመለስኩ ነው። በሦስተኛው ጆሮዬንም መቱኝ። ስልክ የማልሰማው ከእርጅና አይደለም።

አራት የነበራት አንዲት ናት፣ እሱም እውነት ነው። ከእኔ ጋር በአንድ ምንጣፍ ተኝታ ያደገች፣ በአራት ዓመት የምበልጣት። ሦስት ጊዜ ሸሽታ ሦስት ጊዜ መለሷት። ለአራተኛ ጊዜ የወጣችው ወልዳ ነው፣ የሁለት ወር ሕፃን ደረቷ ላይ አስራ። በሁለተኛው ቀን አመጧት፣ አራተኛውን ነቀሷት። መርፌው ቆሽሾ ይሁን አላውቅም፣ አንገቷ አበጠ፣ ትኩሳቷ አልወርድ አለ። በዘጠነኛው ቀን ሞተች።

በማግስቱ ጀሪካን ይዤ ሕፃኗን አዝዬ በጠራራ ፀሐይ ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። በረኛው በቀትር የሚሸሽ ሰው አይቶ ስለማያውቅ ቀና ብሎም አላየኝ። ውሃው ጋ ስደርስ አልቆምኩም፣ መሄድ ቀጠልኩ። ሕፃኗ አንቺ ነሽ።

እህቴ ነበረች ያልኩሽ በደም አይደለም፣ እኔም በደም አክስትሽ አይደለሁም። ሌላ የምጠራበት ስም ስላጣሁ ነው። ፎቶ የላትም ያልኩሽ ግን እውነት ነው። ነርሷ ስልኳን ስታሳየኝ፣ አራቱን መስመር ይዘሽ ስትስቂ፣ ለጥቂት ጊዜ ያየሁት አንቺን አልነበረም። እሷ ናት ብዬ ነበር።

የሞተችበትን መስመር ነው «ነፃነት» ብለሽ የፈረምሽው። አልወቅስሽም። ሳልነግርሽ የቀረሁት እኔ ነኝ።


ታኅሣሥ 10

አክስትዬ፣

ሌላ መጠሪያ አልፈልግልሽም፣ ይኸው ይበቃኛል።

«ማቆም ትችያለሽ ወይ?» ብለሽ ነርሷን በስልክ ላስጠየቅሽኝ፣ አልችልም። ሞክሬያለሁ። ደብዳቤሽን ይዤ የኩባንያው ሰው ጋ ሄድኩና እያየሁት በቃሌ ነገርኩት። ሲሰማኝ ዓይኑ እንባ አቀረረ። መሃረቡን አጣጥፎ ወደ ኪሱ ከመለሰ በኋላ «ይሄ እኮ ከመጀመሪያው ይበልጣል» አለኝ። አንቺን አልጋሽ ላይ ሊቀርጽሽ ፈለገ። ወንበሩን ገፍቼ ተነሳሁ። እሺ፣ ካልፈለግሽ በድሮው ትርጉም ይወጣል አለ፤ ማሸጊያው ታትሟል። ምልክቱ በፊርማዬ የእነሱ ሆኗል። ቪዲዮውንም ማጥፋት አልችልም፣ እሱም ውሉ ውስጥ አለ። ፈርሜ የሰጠሁት ያንቺን አንገትና የእናቴን አንገት ነው። አንዴ ከዚያ ቤት አውጥተሽዋል፣ እኔ መልሼ ለሌላ ሰው አስረከብኩት።

የመርፌውን ፎቶ የለጠፈውን ሰውዬ አግጄዋለሁ፤ ወደ አንቺ እንዳይገባም ለኃላፊዋ በጽሑፍ ሰጥቻለሁ። እሱ ግን ቪዲዮዬን ወስዶ «የቤታችን ቅርስ» ብሎ በራሱ ፔጅ ላይ ለጥፎታል። ብዙ ሰው ወዶለታል። ትናንት አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች አንገታቸው ላይ ተለጥፎ አየሁ። አንዷ ለሌላዋ ታስተካክልላት ነበር። ሳልደርስ ወረድኩ።

የኩባንያውን ሥራ ለቅቄያለሁ። ሽፋሽፍት ብቻዋን ሙሽሮቹን ትይዛለች፣ እኔ ብሩሽ አጥባለሁ። አንድ ቀን ብቻ፣ እሷ ስትወጣ፣ መስታወቱ ፊት ቁጭ ብዬ አራቱን ሣልኩ። መብራቱን አላበራሁም፣ ስልኩንም አላነሳሁም። በመስኮቱ ብርሃን ተቀምጬ አየኋት። እናቴን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፣ ናፍቆቷም ያን ቀን ጀመረኝ። ላጥበው ስል እጄ እምቢ ብሎኝ ብዙ ቆየሁ።

ባለ ሁለት ክፍሉ ቤት ቀርቷል። ሽፋሽፍት አልጋዋን ለቅቃልሻለች፤ ደረጃውን እኔና ጫማ ሰፊው እንሸከምሻለን፣ እሺ ብሎኛል። ቅዳሜ ልወስድሽ እመጣለሁ፣ ሻንጣሽን አዘጋጂ። ስለ እናቴ ልጠይቅሽ የፈለግሁትን በሌላ ወረቀት ላይ ጽፌ አያይዤዋለሁ። የቻልሽውን መልሺልኝ።

ልጅሽ


ታኅሣሥ 17

ልጄ፣

ይህን ነርሷ ዛሬ በመልእክተኛ እንድትልከው ነግሬያታለሁ፣ ከቅዳሜ በፊት እንዲደርስሽ።

አዎ፣ ከአንቺ ትረዝማለች። ፀጉሯ ግን ያንቺን አያክልም፣ ስስ ነበር፣ በዚህም ትናደድ ነበር። ድምጿ ጎርናና ነው፤ ስትዘፍን ዝም በይ እንላት ነበር፣ አትሰማንም። አዎ፣ ታቅፋሻለች። ሁለት ወር ሙሉ ከእጇ አላወረደችሽም፣ እኔ እንኳ ለምኜ ነው የያዝኩሽ። መቀባባት ትወድ ነበር ወይ ላልሽኝ፣ የምትቀባው ምን ነበራት? አንድ ቀን ግን የእመቤቲቱን ኩል ሰርቃ መጥታ እኔን ኳለችኝ። እጇ አይንቀጠቀጥም ነበር። ከዚያ መስታወት ስለሌለን በውሃ ባልዲ አሳየችኝ፣ በጣም ሳቅን።

አባትሽ ማን እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። በዚያ ቤት ይህ አይጠየቅም ነበር። ነርሷ የዚያን ሰውዬ ፎቶ አሳይታኛለች። ግንባሩን፣ ያንቺን ግንባር፣ አየሁና ስልኩን መለስኩላት።

እንዴት እንደተያዘች የጠየቅሽውን አልመልስልሽም። ፊት ለፊትም አትጠይቂኝ።

ነርሷ ነገሩን ሁሉ ታውቃለች። ስነግራት ጥጥ አርሳ እዚሁ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብላ አንገቷን ጠረገች። በሁለት ጥጥ ለቀቀ። እንደዚያ በቀላሉ ሲለቅ አይቼ ምን እንደተሰማኝ ልጽፈው አልችልም።

የመጨረሻው ጥያቄሽ «አራተኛውን ሲነቅሷት ማን ነበር አጠገቧ?» የሚል ነው። ይህን ዘልዬ ላልፈው ነበር። ሁለት ቀን አሰብኩበት። ደብቄሽ ልመጣ አልፈልግም፣ አንቺም ሳታውቂ ልትወስጂኝ አይገባም።

እኔ ነበርኩ። የምትነቀሰዋ እንዳትወራጭ ጭንቅላቷን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ከሴቶቹ አንዷን ይመርጣሉ፤ እምቢ ያለች ራሷ ትነቀሳለች። እኔ ሦስት ነበረኝ፣ አራተኛ ፈራሁ። ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ያዝኩላቸው። ልቀቂኝ አላለችኝም። ቀና ብላ እያየችኝ ነበር፣ እስኪጨርሱ ድረስ። በዘጠኙ ቀንም አንድ ቃል አልወቀሰችኝም። ስትሞት አንቺን ሰጠችኝ።

ሻንጣዬን ነርሷ አዘጋጅታልኛለች። ቅዳሜ እስከ ቀትር ድረስ ለብሼ እቀመጣለሁ። ከዚያ ካለፈ ግን ይገባኛል፤ ልብሴን መልሳ ትሰቅልልኛለች።